ሕመሙ ወይስ ሐኪሙ?

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የአሜሪካንና የእንግሊዝን የአእምሮ ሆስፒታሎች መዝገብ ጎን ለጎን ያየ ሰው ግራ ይገባው ነበር። አሜሪካ ውስጥ ስኪዞፍሬንያ በዝቷል። እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ ያኔ ማኒክ ዲፕሬሲቭ ይባል የነበረው የስሜት ሕመም በብዙ እጥፍ ይበልጣል። አሜሪካዊው የስታቲስቲክስ ባለሙያ ሞርተን ክሬመር በ1961 ይህን ልዩነት አጉልቶ አሳየ። የሁለቱ አገር ሰው የሚታመመው የተለያየ በሽታ ነው? ወይስ ለአንድ በሽታ ሁለት ስም እየተሰጠ ነው?

ከ1965 ጀምሮ ጆሴፍ ዙቢን፣ ጆን ኩፐር፣ ሮበርት ኬንዴልና ባልደረቦቻቸው ጥያቄውን ታማሚው አልጋ ድረስ ይዘውት ሄዱ። ከኒው ዮርኩ ብሩክሊን ስቴት ሆስፒታልና ከለንደን በስተደቡብ ካለው ኔተርን ሆስፒታል፣ በገቡበት ተራ፣ 250፣ 250 ሰዎች ያዙ። ሁሉንም በአንድ ዓይነት ቃለ መጠይቅ መረመሩ። ምን እንደሚጠየቅና ምን ሲባል «ምልክቱ አለ» ተብሎ እንደሚጻፍ አስቀድሞ ተወስኗል። ሆስፒታሎቹ የሰጡትን ስም ወደ ጎን ትተው የራሳቸውን ሲሰጡ ያ ሁሉ ልዩነት ከሞላ ጎደል ጠፋ። ታማሚዎቹ ተመሳሳይ ነበሩ።

ቀጥሎ ያደረጉት ነገር ይበልጥ ያስደነግጠኛል። የስምንት ታማሚዎችን ቃለ መጠይቅ በቪዲዮ ቀርጸው በሁለቱም አገር ላሉ ሳይካትሪስቶች አሳዩ። ከስምንቱ አንዱ የብሩክሊን ወጣት ነው፤ ስሜቱ ከፍ ዝቅ ይላል፣ መጠጥ ያበዛል፣ አንድ ክንዱ ያለ አካላዊ ምክንያት ሽባ ሆኖበታል። ስኪዞፍሬንያ ነው ያሉት አሜሪካውያን 69 በመቶ ሲሆኑ እንግሊዛውያን 2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ፊቱ ያው፣ ቃሉም ያው ነው። አሜሪካኖቹ ስኪዞፍሬንያ የሚለውን ስም እጅግ አስፍተው እንዲጠቀሙበት ተምረው ነበር፤ እንግሊዞቹ ደግሞ አጥብበው። ጥናቱ በ1972 በመጽሐፍ ወጣ። የአሜሪካው የምርመራ መመሪያ በ1980 ለየሕመሙ ግልጽ መስፈርት ሲያስቀምጥ ከኋላው ከገፉት ነገሮች አንዱ ይህ ድንጋጤ ነው። መስፈርት በራሱ እውነትን አያመጣም፤ ተስማምቶ መሳሳትም አለ። ግን ሳይስማሙ መሳሳታቸውን እንኳ ማወቅ አይችሉም ነበር።

ይህን ታሪክ ያነበብኩት የተግባር ልምምድ ላይ ሳለሁ ነው። በዚያው ሰሞን እኔና ጓደኛዬ አንዲት እናትን አብረን አነጋግረን ነበር። «ድምፅ ይሰማዎታል?» አልኳቸው። «አዎ፣ ልጄ» አሉኝ። እኔ «ቅዠት፣ ሳይኮሲስ» ብዬ ጻፍኩ። ጓደኛዬ «ሐዘን» ብላ ጻፈች። አስተማሪያችን ሁለቱንም ወረቀት አየችና «ማን ትክክል ነው?» አላለችም። «‹አዎ› ካሉ በኋላ ምን ጠየቃችኋቸው?» አለች። ምንም አልጠየቅኩም ነበር።

ተመልሼ ገባሁ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፤ ቀድሞም እንደዚያው ነበሩ፣ እኔ ነኝ ያላየሁት።

«እማማ፣ ድምፁ የማን ነው?»

«የልጄ ነዋ። አርባው ገና አልወጣም። ማታ ከሥራ በሚገባበት ሰዓት ደጅ ላይ ‹እማዬ› ይለኛል።»

«ሲጠራዎት ምን ያደርጋሉ?»

ጥለቱን በጣታቸው እያሹ ትንሽ ዝም አሉ።

«እንደማይመጣማ አውቃለሁ፤ ግን ተነሥቼ በሩን እከፍታለሁ።»