በምጥ ለተጎዱ ሴቶች ስለ ተሠሩት ሐኪም ቤቶች

ከከተማ በራቁ መንደሮች አንዳንድ ሴት በምጥ ሁለትና ሦስት ቀን ትቆይና ልጁ ሞቶ ይወለዳል። እርሷም ከሞት ብትተርፍ ሽንቷን መቆጣጠር ተስኗት ሌሊትና ቀን ይፈሳታል። ይህን ደዌ ሐኪሞች ፊስቱላ ይሉታል። ጎረቤት ግን ምክንያቱን ባለማወቅ እርግማን ነው ይላል፤ ባሏም የሚፈታት ጊዜ አለ። እርሷም በሽታዋን አፍራ ከገበያና ከጸሎት ቤት፣ ከሠርግና ከለቅሶ ተለይታ በጓዳ ተሸሽጋ ትኖራለች።

ነገሩ ግን ቁስል ነው እንጂ እርግማን አይደለም። የሕፃኑ ራስ በእናቲቱ የዳሌ አጥንት መካከል ማለፍ ተስኖት ብዙ ሰዓት ሲቆይ፣ በራሱና በአጥንቱ መካከል ያለውን ሥጋ ይጫነዋል። ደም ያልደረሰውም ሥጋ ሞቶ ይበሳል፤ በዚያም ቀዳዳ ሽንት፣ አንዳንድ ጊዜም ዓይነ ምድር ይወርዳል። ስለዚህ ይህ ጉዳት የሚበዛው አዋላጅና ሐኪም ቤት በራቀበት ስፍራ ነው። አጥንቷ ሳይጠና የተዳረች ልጅም ለዚሁ አደጋ ትጋለጣለች።

ይህን ሕክምና በአገራችን ያስፋፉት ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ካትሪን ሐምሊን ናቸው። እነዚህ ባልና ሚስት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1959 (ከዚህ በታች ያለው ዘመን ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ነው) አዋላጆችን ለማስተማር ወደ ልዕልት ፀሐይ ሐኪም ቤት መጡ። የእነዚህን ሴቶች መከራ ባዩ ጊዜም በ1974 ለዚሁ ደዌ ብቻ የሚሆን ሐኪም ቤት በአዲስ አበባ ከፈቱ። ሕክምናውም ያለ ዋጋ ይሰጣል። ዶክተር ሬጂናልድ በ1993፣ ዶክተር ካትሪን በ2020 ዐረፉ። ራሳቸው ለመታከም መጥተው የዳኑት ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼም ከእነርሱ ሥራውን ተምረው፣ ትምህርት ቤት ሳይገቡ በቀዶ ሕክምና ሌሎችን ለማዳን በቅተዋል።

ነገር ግን ሽንት የሚፈሳት ሴት ከሰው ጋር በመኪና ተሳፍራ እስከ አዲስ አበባ መድረስ እጅግ ይከብዳታል። ስለዚህም ማኅበሩ ሕክምናውን ወደ ሕመምተኞቹ አቀረበ። ከ2005 እስከ 2010 ባሉት ዓመታት በባሕር ዳር፣ በመቀሌ፣ በይርጋ ዓለም፣ በሐረርና በመቱ አምስት ሐኪም ቤቶች ተከፈቱ። በ2007 ደግሞ የአዋላጆች ኮሌጅ ተቋቋመ፤ ከገጠር የመጡ ልጃገረዶችም በዚያ ተምረው ወደየአገራቸው እንዲመለሱ ሆነ።

ሐኪሙ ቀዳዳውን በቀዶ ሕክምና ይሰፋዋል፤ ከዚያም ቁስሉ እስኪጠግን ለሁለት ሳምንት ያህል ሽንቱ በቀጭን ቧንቧ እንዲወርድ ይደረጋል። አብዛኞቹ ሴቶች ይድናሉ። የዳነችው ሴት ዳግመኛ ብታረግዝ ግን በሐኪም ቤት እንጂ በቤቷ መውለድ አይገባትም፤ የተሰፋው ሊቀደድ ይችላልና።

እንግዲህ መምህራንና ሽማግሎች ሆይ፣ ሐኪም ቤቱ ተሠርቷል፤ የጎደለው በጓዳ ለተሸሸገችው የሚነግራት ሰው ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንደ ተባለ፣ እርሷ አፍራ ብትደብቀው እንኳ እናንተ ዝም አትበሉ። ሽማግሌው እርግማን ነው የሚለውን ሰው ያስተምር፤ ዘመዶቿንም መክሮ ወደ ጤና ጣቢያ ያስወስዳት፤ ከዚያም ወደሚቀርበው ሐኪም ቤት ይመሯታል። መምህሩ ልጃገረዶች ትምህርታቸውን ትተው ያለ ዕድሜያቸው እንዳይዳሩ ይጠብቅ፤ ሕጉም ከ18 ዓመት በታች ጋብቻን ይከለክላል። ምጥ የጀመራት ሴት ሁሉ ደግሞ ሌላ ቀን ሳይጠበቅ ወደ አዋላጅ ትወሰድ። ቁስሉን ከመስፋት ይልቅ እንዳይደርስ መከልከል ይሻላልና።