ማስጠንቀቂያ ሲዘገይ

በዩኒቨርሲቲ ግቢ አደጋ ሲደርስ ተማሪውን የሚያስጠነቅቀው ማን ነው? በአሜሪካው ቨርጂኒያ ቴክ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 16 ቀን 2007 ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ15 ገደማ ሁለት ተማሪዎች በመኝታ ሕንፃቸው ውስጥ በጥይት ተመቱ። ለግቢው የመጀመሪያው ኢ-ሜይል የተላከው 3 ሰዓት ከ26 ላይ ነው። ብዙም ሳይቆይ ያው ገዳይ በመማሪያ ሕንፃ ውስጥ 30 ሰዎችን ገደለ።

ሕግ የተማርኩ በመሆኔ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ለውጥ ነው። በ1990 የወጣውና የክሌሪ ሕግ በሚል የሚታወቀው አዋጅ «ወቅታዊ» ማስጠንቀቂያ ይጠይቅ ነበር። የ2008ቱ ማሻሻያ ግን አደጋው እንደተረጋገጠ ወዲያውኑ እንዲነገር፣ አሠራሩም በየዓመቱ እንዲፈተሽ አስገደደ።

ዕቅድ ማለት ይኸው ነው። ወሳኙ ሰው፣ ተተኪውና መልእክቱ የሚተላለፍበት መንገድ ቀድሞ ካልታወቀ፣ በመሳቢያ የተቀመጠ ሰነድ ልጁን ለሚቀብር ወላጅ መልስ አይሆንም።