የማዳበሪያ ድጎማው ብር የት ነው ያለው?

“መንግሥት ለማዳበሪያ ይህን ያህል ቢሊዮን ደጎመ” የሚል ዜና ባወጣን ቁጥር ከፍኖተ ሰላምም ከቡሬም የምትልኩልን ጥያቄ አንድ ነው፦ “ታዲያ አባቴ እጅ ለምን አልደረሰም?”

አይደርስማ! አውሮፓ ውስጥ ድጎማው በሄክታር ተሰልቶ የገበሬው ሂሳብ ውስጥ ይገባል። እኛ ጋ ግን ድጎማው ያለው ዋጋው ውስጥ ነው። የኢትዮጵያ ግብርና ሥራዎች ኮርፖሬሽን ማዳበሪያውን በዶላር ይገዛል፤ ከጅቡቲ ተጭኖ ወደ ዩኒየን፣ ከዩኒየን ወደ መሠረታዊ ማኅበር ይሄዳል። መንግሥት ከወጪው የተወሰነውን ስለሚሸፍን አባታችሁ በቀረው ይገዛሉ። ስለዚህ ድጎማ የሚባለው ያልተከፈለ ብር ነው፤ አይታይም።

ለምን አስፈለገ? አገሪቱ የማዳበሪያ ድጎማን በ1990 ዓ.ም. ዋዜማ አንስታው ነበር። የመለሰው የዩክሬን ጦርነት ያባባሰው የዓለም ዋጋ ነው፤ በ2014 ዓ.ም. 15 ቢሊዮን ብር ተመደበ። ከዚያ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆነ። ለስሌት ያህል አንድ ኩንታል 60 ዶላር ይግባ እንበል። በ57 ብር ሲመነዘር 3,420 ነው፤ በ120 ደግሞ 7,200። የዓለም ዋጋ ሳንቲም ሳይጨምር ማለት ነው! ድጎማው በቢሊዮን እያደገ ገበሬው “ዘንድሮም ተወደደ” የሚለው ለዚህ ነው፤ ሁለቱም እውነት ነው።

እኛን ይበልጥ የሚያሳስበን ግን ሌላ ነው። ድጎማው ያለው ከረጢቱ ላይ ስለሆነ፣ ከረጢቱን ያላገኘ ድጎማውንም አላገኘም። ኮታው አብዛኛውን ጊዜ የሚደለደለው በቀበሌ ዝርዝርና በመሬት ይዞታ ነው። ታዲያ የራሱ መሬት የሌለው፣ የሰው ማሳ በእኩል የሚያርስ ወይም የተከራየ ወጣትስ? ስሙ የለም። ከነጋዴ በጥቁር ገበያ ሲገዛ የድጎማውን ትርፍ የሚበላው ሌላ ሰው ነው። ቡሬ ላይ በቆሎ የሚዘሩ እኩዮቻችሁን ጠይቋቸው።

ጊዜውም ጉዳይ ነው። በቆሎ ሲዘራ ኤንፒኤስ፣ ጉልበት ሲደርስ ዩሪያ ይፈልጋል፤ ሰኔ ያለፈበት ከረጢት በነሐሴ ቢመጣ ምን ያደርጋል? በ2015 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ የአማራ ክልል ገበሬዎች ባሕር ዳር ድረስ መጥተው “ማዳበሪያ አጣን” ያሉት ዋጋ አማሯቸው ብቻ አልነበረም፣ ዝናቡ ጥሏቸው እየሄደ ስለነበር ነው። ከዚያ ወዲህ ደግሞ በጦርነቱ ምክንያት ከደብረ ማርቆስ ወደ ቡሬ የሚወስደው መንገድ በተዘጋ ቁጥር መኪናው ይቆማል።

እስከዚያው ቤተሰብ ሊገዛ ሲሄድ ሁለት ነገር ጠይቁላቸው፦ የዘንድሮው የመሸጫ ዋጋ ማኅበሩ በር ላይ ተለጥፏል ወይ? ደረሰኙ ላይ ያለው ብርስ ከእሱ ጋር እኩል ነው? ስልክ ይዛችኋል፣ ፎቶ አንሱት።

“ጎዴ የሚሠራው ፋብሪካስ?” ላላችሁ፣ ስምምነቱ ከዳንጎቴ ጋር በነሐሴ 2017 ተፈርሟል፤ ወጪው 2.5 ቢሊዮን ዶላር፣ ዕቅዱ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ነው። የሚያመርተው ግን ዩሪያ ነው። ለመዝሪያ የሚሆነውን ኤንፒኤስ ከውጭ መግዛታችን ይቀጥላል።