ከግመል ወተት እስከ ኮኮናት ወተት፦ በሞያሌ በኩል ወደ ስዋሂሊ ደሴቶች

ደሴት ሲባል ለአብዛኞቻችን ቀድመው የሚታወሱን የጣና ገዳማት ናቸው። ጨዋማ ውሃ የከበበው፣ ኮኮናት የበቀለበት ሞቃት ደሴት ግን በአውሮፕላን ብቻ የሚደረስበት ሩቅ አገር ይመስለናል። ሆኖም ከአዲስ አበባ 770 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ደቡብ ተጉዞ ሞያሌ የገባ ሰው፣ እስከ ህንድ ውቅያኖስ የሚዘልቅ የአስፋልት መንገድ ከፊቱ ተዘርግቶለታል። ይህ ዳሰሳ ያንን መንገድ ተከትሎ በየደረሰበት ምን እንደሚበላና ምን እንደሚታይ ይቃኛል።

መነሻው ሞያሌ

ሞያሌ በኢትዮጵያና በኬንያ መካከል ለሁለት የተከፈለች ከተማ ናት። ሁለቱ አገሮች በጋራ የሚሠሩበት የድንበር መቆጣጠሪያ ጣቢያ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 ተመርቋል። ድንበሩን የተሻገረ መኪና ወዲያው ከቀኝ ወደ ግራ መስመር ይዞራል፤ መንገድ የሚያቋርጥ እግረኛም መጀመሪያ ወደ ቀኝ ማየትን መልመድ አለበት።

በኬንያው ሞያሌ ቦረና፣ ገሪ፣ ቡርጂ፣ ሶማሌና ሌሎችም አብረው ይኖራሉ፤ ገበታውም የሁሉም ነው። እንጀራ በወጥ፣ የሶማሌ አንጄሮ፣ ቻፓቲ፣ ፒላውና የፍየል ጥብስ በአንድ ጎዳና ይገኛሉ። የግመል ወተት፣ በቅመም የፈላ ሻይ በወተት፣ እንዲሁም ሥጋው በደቃቁ ተከትፎና ደርቆ በቅቤ የሚቀመጠው «ንይሪንይሪ» የአካባቢው መለያ ናቸው። ቦረናዎች ቡናን ከነገለፈቱ በቅቤ ጠብሰው ለእንግዳ ያቀርባሉ፤ «ቡና ቀላ» ይሉታል። በዚህ አገር የማእድ ክብር ወተትና ቅቤ ነው። ወደ ባሕሩ በተጠጋን ቁጥር ቦታቸውን ለኮኮናት እየለቀቁ ይሄዳሉ።

መንገዱ

ከሞያሌ ናይሮቢ 780 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቀድሞ ጠጠርና ጭቃ ቀናት ይፈጅበት የነበረው የኢሲዮሎ–ማርሳቢት–ሞያሌ መንገድ ዛሬ አስፋልት ስለሆነ፣ አውቶቡስ በአንድ ቀን ወይም በአንድ ሌሊት ይጨርሰዋል። ቀኑ ይመረጣል፤ ለደኅንነትም ለማየትም። የዲዳ ገልገሉ ጥቁር ድንጋያማ ሜዳ ካበቃ በኋላ የማርሳቢት ተራራ በደን ተሸፍኖ ብቅ ይላል። በጥርሱ ርዝመት የታወቀውና ፕሬዚዳንት ጆሞ ኬንያታ እ.ኤ.አ. በ1970 በልዩ አዋጅ እንዲጠበቅ ያዘዙለት ዝሆን አሕመድ የኖረው በዚህ ደን ነው። በፓርኩ ውስጥ ያለው የፓራዳይዝ ሐይቅ ለአንድ ሌሊት ማረፊያ ይበቃል።

ከኢሲዮሎ በኋላ ገበታው ይለወጣል። ኡጋሊ ገንፎን ይመስላል፤ ግን ጠንካራ ነው፣ በእጅ እየተቆረሰም ይበላል። ማባያው «ሱኩማ ዊኪ» የእኛው ጎመን የቅርብ ዘመድ ነው። ናይሮቢ ሲደረስ ኢስሊ ሠፈር ውስጥ እንጀራ እንደ ልብ ይገኛል፤ ከዚያ ወዲያ ግን እየራቀ ይሄዳልና የናፈቀው እዚያው ይጥገብ። ከናይሮቢ ሞምባሳ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በሚሠራው ባቡር አምስት ስድስት ሰዓት ይፈጃል፤ በጻቮ ፓርክ ስለሚያልፍ ከመስኮቱ ዝሆን ማየት ያልተለመደ አይደለም።

ሞምባሳ

ሞምባሳ ከተማ ብቻ ትመስላለች እንጂ ደሴት ናት። በምዕራብ የማኩፓ መሻገሪያ፣ በሰሜን የኒያሊ ድልድይ፣ በደቡብ እግረኛን በነጻ የሚያሻግረው የሊኮኒ ጀልባ ከየብስ ጋር ያያይዟታል። ጉብኝት የሚጀመረው ፖርቱጋሎች እ.ኤ.አ. ከ1593 እስከ 1596 ከሠሩት ፎርት ጂሰስ ነው። የኦማን ዐረቦች ከ1696 ጀምሮ ከሁለት ዓመት በላይ ከብበው የያዙት ይህ ምሽግ እ.ኤ.አ. በ2011 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከምሽጉ ጎን የጥንቱ ከተማ ጠባብ መንገዶች፣ የተቀረጹ በሮችና መስጊዶች ይገኛሉ።

ቁርስ «ማሐምሪ» በ«ምባዚ» ነው። ማሐምሪ ሄል የገባበት፣ በዘይት የተጠበሰ፣ ቦንቦሊኖን የሚያስታውስ ዳቦ ሲሆን ምባዚ ደግሞ በኮኮናት ወተት የበሰለ የርግብ አተር ነው። ለምሳ ቢሪያኒ ወይም ፒላው ይቀርባል። ፒላው ሩዙ ከሥጋው ጋር አብሮ በከሙን፣ በቀረፋና በቅርንፉድ የሚበስል ሲሆን፣ የሞምባሳ ቢሪያኒ ወጡና ሩዙ ለየብቻ ተሠርተው የሚገናኙት ሳህን ላይ ነው። ማምሻውን የሞምባሳ ሰው ወደ ማማ ንጊና የባሕር ዳርቻ ይወጣል። ሚጥሚጣ መሰል በርበሬና ሎሚ የተነሰነሰበት የካሳቫ ጥብስ፣ በሊጥ ተነክሮ የተጠበሰ ድንች፣ በእንጨት የተሰካ ሥጋ፣ ለመጠጥም «ማዳፉ»፣ ማለትም ለጋ ኮኮናት እዚያው ይሸጣሉ። ገንዘቡ ትንሽ ሆኖ ሞምባሳን በአፉ ሊያውቅ ለሚፈልግ ከዚህ የሚበልጥ ቦታ የለም።

ለኢትዮጵያዊ መንገደኛ ሞምባሳ አንድ ልዩ ትዝታም አላት። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ሸዋ የኖረው ጀርመናዊው ሚስዮናዊ ዮሐን ክራፕፍ፣ እ.ኤ.አ. በ1842 ከወጣ በኋላ ተመልሶ እንዳይገባ ሲከለከል፣ ኦሮሞዎችን በደቡብ በኩል ሊያገኝ በ1844 ሞምባሳ ደረሰ። በዚያው ዓመት ሚስቱና አራስ ልጁ ሞቱበት፤ መቃብራቸው ከደሴቱ ማዶ ኒያሊ ይገኛል። ተስፋው ሳይሳካ ቀርቶ የስዋሂሊ ቋንቋ አጥኚ ሆነ።

ዋሲኒ

ከሞምባሳ ወደ ደቡብ፣ የዲያኒን ነጭ አሸዋ አልፎ፣ ሺሞኒ ከምትባል መንደር ጀልባ ወደ ዋሲኒ ያሻግራል። በዋሲኒ መኪና የለም። ሰዎች የሚመጡት በአቅራቢያው ላለው የኪሲቴ–ምፑንጉቲ የባሕር ፓርክ ነው። ዶልፊኖች ጀልባውን ይከተላሉ፤ የውሃ መነጽርና የመተንፈሻ ቧንቧ ያደረገ ጀማሪ ዋናተኛ እንኳ ኮራሉንና በላዩ የሚርመሰመሱትን ባለቀለም ዓሦች ያያል። ምሳው ሸርጣን፣ ዓሣና በኮኮናት የበሰለ ሩዝ ነው። የመንደሩ ሴቶች በማንግሮቭ ዛፎቹና በጥንታዊው ኮራል መካከል የሚያስጎበኙበትን የእንጨት መተላለፊያ በትንሽ ክፍያ መጎብኘት ገንዘቡን በቀጥታ ለባለቤቶቹ ያደርሳል።

ላሙ

ከሞምባሳ ወደ ሰሜን ሲሄዱ ዋታሙ አጠገብ የጌዴ ፍርስራሽ አለ። ከተማይቱ በ17ኛው መቶ ዘመን ባዶዋን የቀረች ሲሆን ስሟ ከኦሮምኛ እንደመጣ ይነገራል፤ እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። ከዚያ ማዶ ያለችው ላሙ የዚህ ሁሉ ጉዞ ዘውድ ናት። ሰዎች ከ700 ዓመት በላይ ሳያቋርጡ የኖሩባት ይህች ከተማ ከኮራል ድንጋይና ከማንግሮቭ ግንድ የተሠራች ስትሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2001 በዩኔስኮ ተመዝግባለች። ሸክም የሚመላለሰው በአህያ ነው። በሸራ በሚነዳው ጀልባ፣ በዳው፣ ወደ ማንዳ ደሴት ሄዶ የታክዋን ፍርስራሽ ማየት፣ በሼላ ረጅም የባሕር ዳርቻ በእግር መሄድ፣ ማታ ሰገነት ላይ ተቀምጦ አዛን መስማት የላሙ ዋና ሥራ ነው። እዚህ «ሳማኪ ዋ ኩፓካ» ሳይቀምሱ መመለስ አይገባም፤ በከሰል ተጠብሶ ወፍራም የኮኮናት ስልስ የሚቀባ ዓሣ ነው።

ላሙም ከእኛ ጋር የታሪክ ክር አላት። ፖርቱጋላዊው ኢየሱሳዊ ጄሮኒሞ ሎቦ እ.ኤ.አ. በ1624 ከላሙ ጎረቤት ፓቴ ደሴት አርፎ በየብስ ወደ ኢትዮጵያ ሊገባ ሞክሮ አልሆነለትም። ዛሬ የላሙ አዲስ ወደብ የመጀመሪያ ማቆሚያ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ሥራ ላይ ሲሆን፣ ዕቅዱ ወደቡን በኢሲዮሎና በሞያሌ በኩል ከኢትዮጵያ ጋር ማገናኘት ነው።

ጾም፣ ሥጋና ሰዓት

በዚህ ዳርቻ አብዛኛው ሥጋ በእስላም እጅ የታረደ ነው። ያን የማይበላ ክርስቲያን መንገደኛ ዓሣው፣ ሩዙና ባቄላው ይበቁታል። ለጾመኛ ደግሞ እንዲህ የሚመች አገር አይገኝም፤ የኮኮናት ወተት ከዛፍ ነውና ምባዚው፣ በኮኮናት የበሰለው ሩዝና ቅጠላ ቅጠሉ ያለ ቅቤ ይጥማሉ። ማሐምሪ ላይ ግን የላም ወተት ወይም እንቁላል ገብቶ እንደሆነ መጠየቅ ያሻል። በረመዳን ቀን ቀን ብዙ ምግብ ቤቶች ይዘጋሉ፤ ከመግሪብ በኋላ ግን ጎዳናው ሁሉ ማእድ ይሆናል።

አንድ የሚያስደስት ነገርም አለ። ስዋሂሊ ተናጋሪ ሰዓት የሚቆጥረው እንደኛው ከንጋት ጀምሮ ነው፤ «ሳ ታቱ» ማለት ሦስት ሰዓት ነው። «ሳሃኒ» ሳህን፣ «ሱካሪ» ስኳር፣ «ቻይ» ሻይ ነው። በእንግሊዝኛ ሰዓት ሲነገር ግን አቆጣጠሩ ስለሚለወጥ ከባቡርና ከጀልባ ላለመቅረት ደግሞ ማረጋገጥ ይገባል።

ወቅትና ጥንቃቄ

ከታኅሣሥ እስከ የካቲት፣ ከዚያም ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ያለው ጊዜ ይመረጣል፤ በሚያዝያና በግንቦት ዝናቡ ይበረታል፣ ባሕሩም ይታወካል። ኬንያ እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2017 ጀምሮ የፕላስቲክ ከረጢትን በከባድ ቅጣት ስለከለከለች ፌስታሎቻችሁን ሞያሌ ላይ ትታችሁ ግቡ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ያዙ፤ የመግቢያ ሕጉን ከመነሳታችሁ በፊት አጣሩ። ክፍያ በአብዛኛው በኤም–ፔሳ ስለሆነ የአገሩን ሲም ካርድ ማውጣት ይጠቅማል። ወደ ላሙ የሚወስደው የየብስ መንገድ የጸጥታ ችግር የሚታይበት በመሆኑ፣ የዕለቱን ሁኔታ ጠይቆ መወሰን ወይም ከናይሮቢ መብረር ይሻላል። በሞምባሳ ጥንታዊ ከተማና በላሙ ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ መልበስ፣ ሰውን ፎቶ ከማንሳት በፊትም ፈቃድ መጠየቅ የእንግዳ ግዴታ ነው።

ይህ ጉዞ በሦስት ቀን አይሆንም፤ ቢያንስ አሥር ቀን ስጡት። ሞያሌን በሌሊት አትለፏት፤ ወተቷን ጠጥታችሁ ተነሱ፣ ኮኮናቱ የሚጣፍጠው ከዚያ በኋላ ነው። በየደረሳችሁበት የአገሬው ሰው ከሚበላበት ተቀመጡ፤ ዋጋውን ሳታጓድሉ ክፈሉ፤ አመስግኑ። በስዋሂሊ ምስጋና «አሳንቴ» ነው።