ጊሎ፦ የወንዝም የአባትም ስም

ከጋምቤላ ታላላቅ ወንዞች አንዱ ጊሎ ነው። ከደቡብ ምዕራብ ደጋ ይነሣና በፑኝዶ በኩል አልፎ ፒቦር ወንዝ ውስጥ ይገባል። ከክልሉ ውጭ ብዙዎች ስሙን የሰሙት በክፉ ቀን ነው፤ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ከፑኝዶ መጠለያ የሸሹ የሱዳን ስደተኞች ሲሻገሩት ብዙ ልጆች ሰጥመውበታል። ለክልሉ የአኙዋ ሕዝብ ግን ጊሎ የአንድ አባትም ስም ነው፤ የኒያዎች፣ ማለትም የመሳፍንቱ፣ የዘር ሐረግ ወደ እርሱ ይወጣል። ሰውየው ከወንዙ ወይስ ወንዙ ከሰውየው ስሙን አገኘ የሚለው ክርክር ብዙ አያራምድም፤ ተረቱ ራሱ ሰውየውን የሚያስወልደው ከውኃ ነውና።

ተረቱ በዓሣ ጠብ ይጀምራል። ልጆች አንድ ዓሣ ይዘው የእኔ ነው፣ የእኔ ነው ሲባባሉ ከወንዙ የወጣ ሰው አንዱ ጭንቅላቱን፣ ሌላው ጭራውን እንዲወስድ ፈርዶ ያስታርቃቸዋል። ይህ ኦቹዶ ነው። ሰዎች ይዘው ወደ መንደሩ አለቃ ወደ ቹዋይ ያመጡታል፤ አይበላም፣ አይናገርም። የአለቃው ልጅ ስትንከባከበው ትፀንሳለች። እርሱ ወደ ውኃው ይመለሳል፤ ለሚወለደው ልጅ የሚሆን ዶቃ ግን ትቶ ይሄዳል። ልጁ ጊሎ ነው። እንግዲህ ስሙ የያዘው የአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ አይመስለኝም፤ የሥልጣን ማስረጃ ነው። ኦቹዶ ገና መንደር ሳይገባ የፈጸመው የመጀመሪያ ሥራ ዳኝነት መሆኑም እንዲያው የመጣ አይደለም። ክብረ ነገሥትን ለሚያውቅ አንባቢ መንገዱ እንግዳ አይሆንበትም፦ ከሩቅ ያለ አባት፣ በእናቱ አገር የሚያድግ ልጅ፣ በመካከል ምልክት የሆነ ቀለበት። በሰሜን አውሮፓም የእንግሊዝ ጥንታዊ ነገሥታት ዘራቸውን ወደ ዎደን፣ ኖርዌዮች ኦዲን ወደሚሉት አምላክ፣ ይቆጥሩ ነበር፤ በ13ኛው ክፍለ ዘመን የአይስላንዱ ጸሐፊ ስኖሪ ስቱርሉሶን ደግሞ ኦዲንን ከእስያ የፈለሰ ሟች አለቃ አድርጎ ጻፈው።

መሳፍንቱ ራሳቸውን ለማክበር የፈጠሩት ተረት ነው የሚል ይኖራል። ከፊሉ እውነት ሊሆን ይችላል። ግን ራስን ለማክበር ብቻ ቢሆን ኖሮ እናቲቱን ከተራው የመንደር አለቃ ቤት ማምጣት ለምን አስፈለገ? እ.ኤ.አ. በ1935 አኙዋን ያጠናው አንትሮፖሎጂስት ኤቫንስ ፕሪቻርድ እንደመዘገበው የኒያ ልጆች ያድጉ የነበረው በእናታቸው ወገን መንደር ነው። ተረቱ ይህን ኑሮ ይመስላል፤ መስፍኑ ያለ አጎቶቹ መንደር መቆሚያ የለውም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል። የደቡብ ሱዳን ሕዝብ የሆኑት ሽሉኮች ሲተርኩ ጊሎ የኦኳ ልጅ፣ የነገሥታቸው አባት የኒካንግ ወንድም ነው፤ ከተለያዩ በኋላ የየራሳቸውን ሕዝብ መሠረቱ ይላሉ። ታዲያ አባቱ ኦቹዶ ነው ወይስ ኦኳ? የዘር ሐረጉን እንደ ልደት መዝገብ ለሚያነብ መልስ የለውም። የሥልጣን ማስረጃ ነው ብሎ ለሚያነበው ግን ልዩነቱ ራሱ ይናገራል። የኒካንግም እናት ኒካያ የወንዝ ፍጡር ናት፣ ከአዞም ጋር ትያያዛለች፤ አኙዋ በአባት በኩል ያደረገውን ውኃ ሽሉክ በእናት በኩል አደረገው። ሁለቱም ሕዝቦች የሚናገሩት የሉኦ ቋንቋዎችን ስለሆነ፣ አንድ የቆየ ትረካ በሁለት አገር ለሁለት ዓይነት አገዛዝ ተሰፋ ብሎ ማሰብ ያስኬዳል።

አገዛዙም ይለያያል። በሽሉክ የኒካንግ መንፈስ በየንጉሡ ላይ ያድራል፤ ሥልጣኑም ከአንድ ሰው ጋር ይኖራል። የአኙዋ ኒያ ሥልጣን ያለው ግን ኦቹዶ ትቶት ሄደ በሚባለው ዶቃና በሌሎች የመስፍንነት ቅርሶች ላይ ነው። ቅርሶቹን አንድ ጊዜ እንኳ ሳይለብስ የሞተ ኒያ ልጆቹ ከመሳፍንቱ ተራ ይወጡ ነበር፤ ስለዚህ የጊሎ ዘር ነኝ የሚል ሁሉ ዶቃውን ለመያዝ ይሻማ ነበር፣ ቅርሶቹም ከኒያ ወደ ኒያ፣ ከመንደር ወደ መንደር ይዞሩ ነበር።