ቅጠሉን አርግፉለት፦ አፕል በሮብ ገበያ ጓሮ

አፕልን ብዙ ሰው የሚያውቀው ከከተማ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ነው፤ በሰም ተወልውሎ፣ አንዱ ፍሬ ለብቻው ዋጋ ተጠይቆበት። ከደብረ ማርቆስ ወደ ጮቄ ተራራ ሲወጣ፣ በስናን ወረዳ ሮብ ገበያና በዙሪያው ግን ከድንቹና ከገብሱ ማሳ አጠገብ፣ ከቤት ጀርባ የቆመ ዛፍ ነው። ብዙ ጊዜ ታዲያ ስለ ዛፉ የምሰማው እሮሮ ነው። ለመለመ፣ ጣሪያ ደረሰ፣ ፍሬ ግን የለም። ባለቤቱ «መካን ነው» ብሎ መጥረቢያ ሳያነሳ በፊት ይህን ቢያነብልኝ ደስ ይለኛል፤ እኔ እስካየሁት ድረስ ከእነዚያ ዛፎች አብዛኞቹ ምንም አልጎደላቸውም።

የአተካከሉ ነገር ቀላል ስለሆነ ባጭሩ ልለፈው። ጉድጓዱ በየጎኑ 60 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ የበሰለ ፍግ ከላይኛው አፈር ጋር ይቀላቀልበት፤ በክረምቱ መግቢያ ይተከል፤ ከዛፍ ዛፍ ከ3 እስከ 4 ሜትር ይራቅ። ባህር ዛፍ አጠገቡ አይድረስ። የጎጃም ደጋ አፈር ብዙ ቦታ ኮምጣጣ ስለሆነ ኖራ ያስፈልገው እንደሆነ የግብርና ባለሙያ ጠይቁ።

ከዘር የማብቀል ነገር ግን ሁለት ቃል ያስፈልገዋል። የበላችሁትን ጣፋጭ አፕል ዘር ተክላችሁ ያንኑ አፕል አታገኙም። እያንዳንዱ ዘር አዲስ ዝርያ ነው፤ አብዛኛውም ጎምዛዛና ትንንሽ ፍሬ ይሰጣል፤ ያም ከብዙ ዓመት ጥበቃ በኋላ ነው። በዓለም ላይ ያለው ጎልደን ደሊሸስ ሁሉ የመጣው በአሜሪካ ዌስት ቨርጂኒያ፣ ክሌይ አውራጃ ከበቀለች ከአንዲት ዛፍ ነው፤ ስታርክ ብራዘርስ የተባለው የችግኝ ኩባንያ በፈረንጆቹ 1914 ዛፏን ገዝቶ ቀንበጧን እየቆረጠ በሌላ ሥር ላይ አጣብቆ አሰራጫት። ስለዚህ የሚተከለው የተዳቀለ ችግኝ ነው። ከታች ያለው ሥር ብዙ ጊዜ እንግሊዝ አገር የተገኘው ኤምኤም 106 ነው፤ ዛፉን መካከለኛ ቁመት ላይ ያቆመዋል፣ አፊድ የሚባለው ባለ ጥጥ ነፍሳትም አይደፍረውም። ውሃ የሚያቁር ዋልካ ላይ ከተተከለ ግን ግርጌው ይበሰብሳል። ሥሩና ቀንበጡ የተጣበቁበትን እብጠትም አፈር አታልብሱት። ቀንበጡ የራሱን ሥር ከሰደደ የከፈላችሁበት ሥር ዋጋ የለውም፤ ዛፉም ያለ ልክ ይረዝማል። ይህን አሥር ጊዜ ተነግሮት አሥራ አንደኛ ጊዜ እስከ አንገቱ የሚቀብር ሰው አለ፤ እባካችሁ ተዉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። «አፕል ብርድ ይወዳል፤ ሮብ ገበያ ደግሞ ብርድ ሞልቷታል፤ ታዲያ ለምን አያፈራም?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። አፕል የሚፈልገው ብርድ ግን ለወራት ሳያቋርጥ የሚቆይ ብርድ ነው። የአፕል አያት የሆነው የዱር ዛፍ እስከ ዛሬ በካዛኪስታን ቲየን ሻን ተራሮች ላይ በጫካ ይገኛል። በ1919 ዓ.ም. ኢትዮጵያ መጥቶ የገብሳችንንና የስንዴያችንን ዘር የሰበሰበው ሩሲያዊው ኒኮላይ ቫቪሎቭ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ እዚያው ካዛኪስታን አልማ አታ ደርሶ የአፕል መነሻ ያ አካባቢ መሆኑን ተናግሯል። እዚያ በረዶው ሲመጣ ዛፉ ቅጠሉን አራግፎ ይተኛል፤ በቂ ሰዓት በብርድ ካሳለፈ በኋላ ሙቀት ሲመጣ በአንድ ጊዜ ይነቃል። ባለሙያዎች ያን የብርድ ጊዜ የሚለኩት በግምት ከ7 ዲግሪ ሴልሲየስ በታች በዋሉ ሰዓታት ነው። ሬድ ደሊሸስን የመሰሉ ዝርያዎች ከ800 ሰዓት በላይ ይጠይቃሉ።

የእኛ ደጋ ሌላ ነው። ጮቄ ከ4000 ሜትር በላይ ቢደርስም ያለው ከምድር ወገብ ብዙ ሳይርቅ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ይጥላል፤ በቀትር ፀሐይዋ ጀርባ ታቃጥላለች። ሌሊት የተጠራቀመውን ብርድ ቀን በከፊል ያፈርሰዋል። ዛፉ መተኛቱንም መንቃቱንም አያውቅም። ጥቂት ቅጠል ያራግፋል፣ ጥቂቱን ይዞ ይቆያል፤ አንዱ ጫፍ ሲያቆጠቁጥ ሌላው እንቡጥ ዝም ይላል። አሮጌው ቅጠል በሥሩ ያለውን እንቡጥ እንዳይነቃ ይዞት ስለሚቆይ ዛፉ ዓመት እስከ ዓመት አረንጓዴ ሆኖ ያለ ፍሬ ይከርማል።

መድኃኒቱ የሰው እጅ ነው፤ ቅጠሉን ማርገፍ። በኢንዶኔዥያ ምሥራቅ ጃቫ፣ በባቱና በማላንግ ደጋማ ሥፍራዎች ገበሬዎች ፍሬውን ከለቀሙ ከወር ገደማ በኋላ የዛፉን ቅጠል ሁሉ በእጃቸው ያራግፉታል፤ እንቡጡ ጠልቆ ሳይተኛ ይነቃል፤ በዓመት ሁለቴ ያመርታሉ። እኛም አገር ይሠራል።

በአንድ የሮብ ገበያ ዕለት ከአንዲት እናት ጓሮ ገብቼ ይህንኑ ስነግራቸው ደነገጡ።

«ቅጠሉ ከረገፈማ ሞተ ማለት አይደል እንዴ ልጄ?»

«አይሞትም እማማ። አንዱን ቅርንጫፍ ብቻ ይፍቀዱልኝ፤ ሌላውን አልነካም።»

ፈቀዱልኝ። ያን ቅርንጫፍ አራቁቼ ሄድኩ። በሌላ ሮብ ስመለስ ራቁቱ ቅርንጫፍ ከጫፍ እስከ ግርጌው ነጭና ሮዝ አበባ ለብሶ ነበር፤ የቀረው ዛፍ እንደ ድሮው አረንጓዴ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ቅጠሉን ሁሉ ያራገፉት ራሳቸው ናቸው።

አሠራሩ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። መጀመሪያ እንቡጡን እዩ። የአበባ እንቡጥ ወፍራም፣ ክብና በስሱ ጠጉር የለበሰ ነው፤ የቅጠል እንቡጥ ቀጭንና ሹል ሆኖ ከእንጨቱ ጋር ይለጠፋል። ወፍራሙ ከሌለ ማርገፍ ከንቱ ነው፤ ያን እንቡጥ የሚሠራው ያው ቅጠል ስለሆነ ልጅ ዛፍ አይራቆትም። ሁለተኛ፣ የቅርንጫፉ ጫፍ ማደጉን አቁሞ ቅጠሉ ጠንክሮ መሆን አለበት። ሦስተኛ፣ ቅጠሉን ወደ ታች አትመልምሉት፤ ልጡ ይላጣል፣ እንቡጡም አብሮ ይሄዳል። በመቀስ ቅጠሉን ብቻ ቆርጣችሁ ዘንጉን ተዉት፤ እሱ ራሱ ደርቆ ይወድቃል። ሥራው አሰልቺ ነው፤ ልጆች ሰብስባችሁ ካልተጋገዛችሁ አያልቅም።

ጊዜው ደግሞ በውርጭ ይወሰናል። አበባ ከዜሮ በታች ሁለት ዲግሪ ገደማ ሲደርስ መሞት ይጀምራል። ካራገፋችሁ በኋላ አበባው እስኪፈነዳ ጥቂት ሳምንት ይወስዳል፤ ስለዚህ ያን ቆጥራችሁ አበባው ብርቱው ውርጭ ካለፈ በኋላ እንዲመጣ አድርጉ። ከዚያ እስከ ዝናብ ውሃ አጠጡ። ወደ ላይ የሚሽቀዳደሙትን ቅርንጫፎችም በገመድ ወደ ጎን ጎትታችሁ እሰሩ፤ ሰማይ የሚያይ ቅርንጫፍ እንጨት ይሆናል፣ የተጋደመ ያፈራል።

ሁለተኛው የመካንነት ምክንያት ብቸኝነት ነው። አፕል በራሱ አበባ ብናኝ በደንብ አያፈራም፤ በአንድ ጊዜ የሚያብብ ሌላ ዝርያ ይፈልጋል። ለእኛ ደጋ የምመርጠው ጥንድ አናና ዶርሴት ጎልደን ነው። አና እስራኤል ውስጥ ከጎልደን ደሊሸስ የተወለደች ናት፤ ዶርሴት ጎልደን ደግሞ በባሐማስ ደሴቶች፣ ናሳው ላይ የተገኘ ነው። ሁለቱም ብርድ የሚጠይቁት ከ300 ሰዓት አይበልጥም። ሥራውን የሚሠራው ንብ ነው፤ የጎጃም ሰው ደግሞ ስለ ቀፎ ከእኔ አይማርም። ፍሬውን አግድም ስትቆርጡት ባለ አምስት ክፍል ኮከብ ታያላችሁ፤ በየክፍሉ ሁለት ሁለት ዘር ካለ ንቦቹ በሚገባ ጎብኝተውታል። ዘር የጎደለበት በኩል ፍሬው ይጎብጣል።

ጓሮ የሌለው ሰው በበርሜል ግማሽ ወይም ሃምሳ ሊትር በሚይዝ ዕቃ ውስጥ ማሳደግ ይችላል። ከታች ይበሳ፤ በበጋ ውሃው በየቀኑ ይታይ። በየሁለት ሦስት ዓመቱ ከዕቃው አውጥታችሁ የተጠማዘዘውን ሥር ከርክሙና አፈሩን አድሱ። ቅጠል ማርገፍ ደግሞ በዕቃ ላይ በጣም ቀላል ነው፤ አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል።

ሚሲዮናውያን አፕልን ወደ ጋሞ ደጋ ወደ ጨንቻ ካመጡት ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኗል፤ ጨንቻ ዛሬ ከፍሬውም ከችግኙም ትጠቀማለች። ጮቄ ሥር ያለው ገበሬ ከዚያ የሚያንስበት ነገር የለም። ቁልቁለቱ ላይ ድንች በየዓመቱ ሲቆፈር አፈሩ ከጎርፍ ጋር ወደ ጨሞጋና ወደ ሙጋ ወንዞች ይወርዳል፤ ዛፍ ግን አፈሩን ይዞ ይቆማል፣ ገንዘብም ያመጣል። ችግኝ ስትገዙ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ የሥሩ ስም ማን ነው? የቀንበጡስ? ሻጩ ካላወቀ ወደ ሌላ ሂዱ። ካወቀ ሁለት የተለያየ ዝርያ ገዝታችሁ አጠገብ ለአጠገብ ትከሉ፤ ጎረቤታችሁ ሊቆርጠው ያሰበው ዛፍ ካለም መጥረቢያውን አስቀምጦ መቀስ እንዲያነሳ ንገሩት።