ዕዳን በዕዳ መክፈል፦ የክሬዲት ካርድ ዕዳን ማዛወር በጆሃንስበርግ ያዋጣል?

በክሬዲት ካርድ ዕዳ የተያዘ ሰው ወለዱ ያነሰ ሌላ ካርድ አውጥቶ የቀደመውን ዕዳ ወደ አዲሱ ማዛወር ይችላል። በአሜሪካና በብሪታኒያ ይህ የተለመደ መንገድ ነው። ባንኮች አዲስ ደንበኛ ለመሳብ ሲሉ፣ ለተዛወረው ዕዳ ለወራት፣ አንዳንዴም ከአንድ ዓመት በላይ፣ ወለድ አያስቡም። በአሜሪካ ለዝውውሩ ራሱ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 በመቶ ያስከፍላሉ። የ10 ሺህ ዶላር ዕዳውን በ3 በመቶ ክፍያ አዛውሮ የ18 ወራት ጊዜ የተሰጠው ሰው፣ በየወሩ 573 ዶላር ገደማ ቢከፍል ያለ ወለድ ይገላገላል። ጊዜው ሲያበቃ የቀረ ዕዳ ካለ ግን በቀሪው ላይ መደበኛው ወለድ መታሰብ ይጀምራል።

ጆሃንስበርግ ላይ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። በደቡብ አፍሪካ ያለ ወለድ የሚቀርብ የዕዳ ዝውውር ያን ያህል የተለመደ አይደለም። በካርድ፣ በልብስ መደብር ዱቤና በአነስተኛ ብድሮች ለተወጠረ ሰው አዘውትሮ የሚቀርብለት፣ ዕዳዎቹን ሁሉ ጠቅልሎ አንድ የሚያደርግ አዲስ ብድር ነው።

የወለድ ጣሪያው እና የጊዜው ርዝመት

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2007 ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ የዋለው የደቡብ አፍሪካ ብሔራዊ የብድር ሕግ ለወለድ ጣሪያ አለው። ከ2016 ወዲህ የክሬዲት ካርድ ወለድ ማዕከላዊው ባንክ ከሚያወጣው መነሻ ምጣኔ ከ14 ነጥብ በላይ ሊጨምር አይችልም። ዋስትና ለሌለው ብድር ደግሞ ጭማሪው እስከ 21 ነጥብ ይደርሳል። መነሻው 8.25 በመቶ በነበረበት ጊዜ የካርዱ ጣሪያ 22.25፣ ዋስትና የሌለው ብድር ጣሪያ ደግሞ 29.25 በመቶ ነበር። ስለዚህ የካርድ ዕዳውን በማጠቃለያ ብድር የሚተካ ሰው፣ ሳያስተውል ዝቅተኛ ጣሪያ ካለው ብድር ወጥቶ ከፍተኛ ጣሪያ ወዳለው ሊገባ ይችላል።

ወለዱ በእርግጥ ቢቀንስ እንኳ ስሌቱ በዚያ አያበቃም። 40 ሺህ ራንድ የካርድ ዕዳ በ22 በመቶ ወለድ ያለበትና በየወሩ 1,500 ራንድ የሚከፍል ሰው በ37 ወራት ገደማ ይጨርሳል፤ ለወለድ የሚያወጣውም 15,400 ራንድ ያህል ነው። ይኸው ሰው ዕዳውን በ18 በመቶ ወለድ ወደሚከፈል የስድስት ዓመት ብድር ቢያዛውር ወርሃዊ ክፍያው ወደ 912 ራንድ ይወርድለታል። እፎይታ ይመስላል፤ ነገር ግን በስድስቱ ዓመታት የሚከፍለው ወለድ 25,700 ራንድ ገደማ ይሆናል። በአዲሱ ብድር ላይ ያንኑ 1,500 ራንድ መክፈሉን ቢቀጥል ግን ከ35 ወራት ባልበለጠ ጊዜ ይገላገላል፤ ወለዱም ወደ 11,500 ራንድ ይቀንሳል። በስሌቱ ውስጥ ያልገቡ የብድር መክፈቻና ወርሃዊ የአገልግሎት ክፍያዎችም አሉ።

ሌላው አደጋ ባዶ የሆነው ካርድ ነው። ዕዳው ተዛውሮ ካርዱ ሳይዘጋ ከቀረ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ሁለት ዕዳ መሸከም ብርቅ አይደለም።

የጄፒው እቁብ

ዛሬ ራሂማ ሙሳ በሚባለው፣ ኢትዮጵያውያን ግን አሁንም ጄፒ በሚሉት የመሐል ጆሃንስበርግ ጎዳና፣ ቀድሞ የሐኪሞች ክሊኒክ የነበሩ ፎቆች በኢትዮጵያውያን ሱቆች ተሞልተዋል። ከነጋዴዎቹ ብዙዎቹ በጥገኝነት ጠያቂ ወረቀት የሚኖሩ በመሆናቸው የባንክ ብድር በቀላሉ አያገኙም። ሸቀጥ በዱቤ ይወሰዳል፤ ወደ ሎኬሽን ይዘው የሚዞሩትም ለደንበኞቻቸው መልሰው በዱቤ ይሸጣሉ። ለጠቀም ያለ ገንዘብ መተማመኛው እቁብ ነው።

እቁብን በዚህ ዓይን የሚያየው ጥቂት ሰው ቢሆንም፣ ዕጣው ቀድሞ ለወጣለት ሰው በከተማዋ የሚገኘው ወለድ አልባ የዕዳ ዝውውር እርሱ ነው። ሃያ ሰዎች በየወሩ 2,000 ራንድ ቢጥሉ ዕጣው 40 ሺህ ራንድ ይሆናል። የመጀመሪያው ባለ ዕጣ የካርድ ዕዳውን በአንድ ቀን ዘግቶ፣ በቀሩት 19 ወራት ለማኅበርተኞቹ ያለ ወለድ ይከፍላል። ዕጣው በመጨረሻ የወጣለት ሰው ግን እስከዚያ በ22 በመቶ ወለድ ዕዳውን ባለበት ቢያቆየው እንኳ ከ13 ሺህ ራንድ በላይ ለወለድ ብቻ ያወጣል። የቸገረው ሰው ለዳኛው አመልክቶ ተራ የሚለዋወጠው በከንቱ አይደለም። ክፍያ ያቋረጠ እንደሆነ ግን ዕዳው በዋሱ ትከሻ ላይ ይወድቃል።

እቁብ የሌለው ሰው የሚሄደው ማሾኒሳ ወደሚባሉት የሰፈር አራጣ አበዳሪዎች ነው። እነዚህ የተበዳሪውን የባንክ ካርድና መታወቂያ በመያዣነት ያስቀምጣሉ። ሕጉ ይህን በግልጽ ይከለክላል።

መክፈል ሲያቅት

ሕጉ ዕዳው ከገቢው በላይ ለሆነበት ሰው የዕዳ ክለሳ የሚባል መንገድ ከፍቷል። ተበዳሪው ወደ ተመዘገበ የዕዳ አማካሪ ይሄዳል። አማካሪው ገቢውንና ዕዳውን መርምሮ፣ ወለዱ እንዲቀንስና ጊዜው እንዲራዘም ከአበዳሪዎች ጋር ይደራደራል፤ ስምምነቱም ይጸድቃል። በዚህ ጊዜ ተበዳሪው ከማጠቃለያ ብድር በስተቀር አዲስ ብድር መውሰድ አይፈቀድለትም። ሕጉ በአገሪቱ ውስጥ በተደረጉ የብድር ውሎች ላይ የሚሠራ በመሆኑ የውጭ ዜጎችን ውልም ይመለከታል። ገንዘብ ከመክፈል በፊት ግን አማካሪው ሚድራንድ በሚገኘው ብሔራዊ የብድር ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የተመዘገበ መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ወሳኙ ነገር ጊዜ ነው። አበዳሪው ከመክሰሱ በፊት ወደ ዕዳ አማካሪ መሄድ እንደሚቻል የሚገልጽ ደብዳቤ መላክ ግዴታው ነው፤ ደብዳቤው ከተላከ በኋላ ቢያንስ 10 የሥራ ቀናት ይጠብቃል። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከደረሰ በኋላ ያ ዕዳ በክለሳው ውስጥ ሊካተት አይችልም። ፖስታውን ሳይከፍቱ መሳቢያ ውስጥ መክተት የሚያስከፍለውም ያኔ ነው።

ለዘገየው ሰው ከሮማን-ደች ሕግ የተወረሰ አንድ ገደብ ይቀርለታል። ክፍያው በተቋረጠበት ቀን 10 ሺህ ራንድ ዋና ዕዳ የነበረበት ሰው፣ ውዝፉ እስካልተከፈለ ድረስ የሚታሰብበት ወለድ፣ ቅጣትና የማስከፈያ ወጪ ተደምሮ ከሌላ 10 ሺህ ራንድ ሊበልጥ አይችልም።